ቀለም የሚገባው ልጅ ላላችሁ

ልጆቼ፣ ነሐሴ በገባ ቁጥር ወደ ቤቴ የሚያመጣችሁ ጉዳይ አንድ ነው። «ልጄ ቀለም ይገባዋል፤ ክፍሉ ግን አልበቃውም። የት ላስገባው?» ትሉኛላችሁ። በጠመኔ አቧራ መካከል ሸብቻለሁ፤ አስተምሬያለሁ፣ ትምህርት ቤትም አስተዳድሬያለሁ። ብዙ ወላጅ በመመዝገቢያው መስኮት ፊት ቆሞ ሲጠይቅ ሰምቻለሁ። ክፍያው ስንት ነው፣ ሰርቪስ አለ ወይ፣ ዩኒፎርሙ የት ይሰፋል፣ ስንት ተማሪ አሳለፋችሁ። መጠየቅ ያደርጋል ሊቅ እያላችሁ ልጆቻችሁን ትመክራላችሁ፤ ራሳችሁ ግን እነዚህን አራት ጥያቄዎች ጠይቃችሁ ትመለሳላችሁ። ኪስን ማወቅ ነውር የለበትም። ነገር ግን በአራቱም ውስጥ ልጁ የለም። ስለዚህ «የት» ለሚለው ስም አልሰጣችሁም፤ ይዛችሁት የምትሄዱት ጥያቄ ግን እሰጣችኋለሁ።

ፊደል የቆጠርሁት በጎጃም፣ በደብር ቅጥር ሥር ነው። ታላቅ ወንድሜ ቅኔ ሊማር ከቤት ሲወጣ እኔ ገና ዳዊት አልደገምሁም ነበር። አባታችን ስንቁን እያሰረለት «ማን ጋ ነው የምትሄደው?» ብሎ ጠየቀው፤ ስለ አገሩ ርቀትም ሆነ ስለ ደብሩ ትልቅነት አንድም ቃል አላነሣም። የዚያ ዘመን ሰው እንዲህ ነበር። ለቅኔ ዋሸራ ወይም ጎንጅ፣ ለድጓ ቤተልሔም፣ ለዝማሬ መዋሥዕት ዙር አባ ሲባል፣ ተማሪው አኩፋዳውን አንግቶ የሚጓዘው ወንበር የዘረጋውን መምህር ፍለጋ ነበር። ቤቱ ሣር ክዳን ቢሆን ማንም አይጠይቅም። ወንድሜ ከጉባኤ ቃና ተነሥቶ ሙሉ ቤት ለመቁጠር ሲቃረብ፣ የመጀመሪያው የኔታ ራሳቸው ጠርተው «እኔ ጋ ያለውን ወስደሃል፤ ከእንግዲህ ወደ እገሌ ተሻገር» ብለው መርቀው ሰደዱት። ተማሪን ማቆየት የሚያውቅ መምህር ብዙ ነው፤ ተማሪን በጊዜው መስደድ የሚያውቅ ግን ጥቂት ነው። እንግዲህ የመጀመሪያው ጥያቄያችሁ ይህ ይሁን፦ ልጄን የሚያስተምረው ማን ነው? በዚህ ቤትስ ስንት ዓመት ቆየ? በአንድ ዓመት ውስጥ የሒሳብ መምህሩ ሁለት ሦስት ጊዜ የሚለወጥበት ክፍል፣ ወለሉ ሴራሚክ ቢሆንም ለብሩህ ልጅ ባዶ ቤት ነው። ሁለተኛውም ከዚሁ ይወለዳል፦ የምትሰጡት ሲያልቅ ትነግሩኛላችሁ? ይህን ስትጠይቁ ርእሰ መምህሩ ቅር ቢለው አትደንግጡ፤ ቅር መሰኘቱም መልስ ነው።

«ስንት አሳለፋችሁ?» ወደሚለው ልመለስ፤ እርሱ ብዙ ወላጅ አሳስቷልና። በጥቅምት 2015 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ከየትምህርት ቤቱ ወጥቶ በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ ተሰጠ። በጥር ውጤቱ ሲነገር ግማሹንና ከዚያ በላይ ያመጡት ተፈታኞች 3.3 በመቶ ብቻ ሆነው ተገኙ፤ አንድም ተማሪ ያላሳለፉት ትምህርት ቤቶች በብዙ መቶ ተቆጠሩ። በሰፈሬ ያለ አንድ ትምህርት ቤት ለዓመታት በአጥሩ ላይ ሰቅሎት የኖረውን «መቶ በመቶ አሳለፍን» የሚል ባነር በዚያው ሰሞን ጸጥ ብሎ አወረደ። ከዚያ ወዲህ እንኳ ቁጥር አይዋሽም የሚለኝ ወላጅ አለ። ቁጥር አይዋሽ ይሆናል፤ ቁጥሩን የሚያወራው ሰው ግን ግማሹን ብቻ ይነግራችኋል። በመግቢያ ፈተና ጎበዞቹን ብቻ መርጦ የተቀበለ ቤት ጎበዞችን ቢያሳልፍ ምን ይደንቃል? ልጆቹ ሲገቡ የሚያውቁትን ይዘው ወጥተዋል ማለት ነው። በመግቢያው ማን እንደተመለሰ፣ በመካከልም ማን «አይሆነንም» ተብሎ እንደተሸኘ ጠይቁ።

ከውጤት ይልቅ ደብተር ጠይቁ። ሌሎች ትምህርት ቤቶችን ለመገምገም እላክ በነበረበት ዘመን ቢሮ ከመግባቴ በፊት ወደ ክፍል እገባና የአንደኛ ተማሪውን ደብተር አምጡልኝ እል ነበር። በአንዱ ቤት ያገኘሁት ደብተር ከዳር እስከ ዳር የራይት ምልክት ነው፤ በየገጹ ግርጌ «ጎበዝ፣ በርታ» ተጽፎበታል። ልጁ ዓመቱን ሙሉ የሚያውቀውን ሲጽፍ፣ መምህሩም ዓመቱን ሙሉ ሲያመሰግነው ከርመዋል። በሌላው ቤት፣ ግድግዳው በተላጠ የመንግሥት ትምህርት ቤት፣ አንዲት መምህርት በተማሪዋ ትክክለኛ መልስ ሥር በቀይ እስክሪብቶ «ልክ ነው። ግን ለምን ሁልጊዜ ይሠራል?» ብላ ጽፋለች። ልጅቷም ከዚያ ቀጥሎ ሁለት ገጽ ሙሉ ስትከራከራት አገኘኋት። ያች መምህርት በአንድ ክፍል ከስድሳ በላይ ልጅ ነበራት፤ ያም ሆኖ ለዚያች ልጅ የሚሆን አንድ መስመር አላጣችም። ምስጋና ለደካማው ልጅ ስንቅ ነው፤ ለብርቱው ግን ብዙ ጊዜ መኝታ ይሆናል።

ቤተ ሙከራም ያሳዩዋችኋል። ብርጭቆው ያበራል፣ መደርደሪያው ላይ ሁሉ ቁልፍ አለ። እኔ የምፈልገው የተሰበረውን ነው። ምንም ያልተሰበረበት ቤተ ሙከራ ምንም ያልተሠራበት ነው። ደግሞም ትልቁ ቤተ ሙከራ ከግቢ ውጭ ነው፤ ዶክተር አክሊሉ ለማን አስቡ። እ.ኤ.አ. በ1964 በአድዋ የቢልሃርዚያን ነገር ሲያጠኑ፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ ዝቅ ብሎ ቀንድ አውጣዎቹ ሞተው መገኘታቸውን አስተዋሉ፤ በሽታውን የሚያዛምተውን ቀንድ አውጣ የሚገድል ነገር ከዚያ ወንዝ ዳር ተገኘ። እንዶዱን እናቶቻችን ከጥንት ጀምሮ ያጥቡበት ነበር። ወንዙን ብዙ ሰው አይቶታል፤ «ለምን እዚህ ብቻ?» ያለው ግን አንድ ሰው ነው። ስለዚህ ተማሪዎቹ ባለፈው ወር ከግቢ ውጭ ምን አይተው፣ ምን ጽፈው እንደመጡ ጠይቁ። የሚያሳዩዋችሁ የመናፈሻ ፎቶ ብቻ ከሆነ አመስግናችሁ ውጡ።

አሥራ አንደኛ ክፍል ስጨርስ፣ በ1950ዎቹ መጨረሻ፣ ልዑል በዕደ ማርያም ትምህርት ቤት እንድገባ ተመረጥሁ። በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ሥር የነበረ፣ ከየጠቅላይ ግዛቱ በብልጫ የተመረጡ ልጆችን ሰብስቦ አሥራ ሁለተኛ ክፍልን የሚያስተምር ቤት ነበር። ሁላችንም ከየመጣንበት አንደኞች ነበርን፤ አንደኞች ሁሉ በአንድ ክፍል ሲቀመጡ ግን አንደኛ የሚሆነው አንድ ብቻ ነው። ከሐረር የመጣ አንድ ልጅ እኔ ገጽ ሙሉ የደከምሁበትን የጂኦሜትሪ ጥያቄ በሦስት መስመር ሲጨርሰው ባየሁ ጊዜ ያደረብኝ ቅናት አልነበረም። ዕድሜዬን ሙሉ ያላወቅሁት እፎይታ ነበር። ለካ በአገሩ እርሱም እንደ እኔ ብቻውን ኖሯል። መብራት ከጠፋ በኋላ በጨለማ ስንከራከር እናመሽ ነበር፤ ከመምህራኑ ያላገኘሁትን ከእርሱና ከጓደኞቹ አገኘሁ። ሌላ አብሮን የመጣ ልጅ ግን የመጀመሪያውን ዝቅተኛ ማርክ ባገኘ ጊዜ አፉን ዘጋ፤ ምግብም ተወ። አንድ መምህር ነገሩን አስተውለው ማታ ማታ እየመጡ ከእርሱ ጋር መቀመጥ ጀመሩ። ስለ ማርኩ አንድም ቀን አላነሡበትም፤ ስለ አገሩ፣ ስለ አባቱ ከብቶች ያወሩት ነበር። ቆይቶ ልጁ ራሱ ደብተሩን አወጣ። እንግዲህ ሁለት ነገር ያዙ። ልጃችሁ ሁልጊዜ አንደኛ የሚወጣበት ቤት ለእናንተ ኩራት፣ ለእርሱ ግን ብቸኝነት ነውና «አቻው እዚህ አለ ወይ?» በሉ። ሁለተኛው ከዚህ ይከብዳል፦ ወድቆ የማያውቅ ልጅ የመጀመሪያውን ውድቀት ሲወድቅ፣ እዚህ ማን አጠገቡ ይቀመጣል?

ስለ ደብል መምታት ትጠይቁኛላችሁ። በእኛ ዘመን ደብል መምታት ክብርም ፍርድም ነበር። ከብት ጠብቆ፣ አርሶ፣ በአሥራ ሦስት ዓመቱ አንደኛ ክፍል የገባ ጎረምሳ በአንድ ዓመት ሁለት ክፍል ሲዘል የተሰረቀበት ዕድሜ ተመለሰለት ማለት ነው። ዛሬ የሰባት ዓመት ሕፃን ይዛችሁ ደብል ይምታልኝ ስትሉ ጉዳዩ ሌላ ነው፤ ለዚህ ልጅ ያልዘገየ ነገር አታስቸኩሉበት። እኔ በማስተዳድረው ትምህርት ቤት ከሌላ ቦታ ሁለት ክፍል ዘሎ የመጣ ልጅ ነበር። በክፍል ውስጥ ለመመለስ የሚቀድመው የለም፤ በእረፍት ሰዓት ግን የጥበቃው ሽማግሌ አጠገብ ነበር የሚቀመጠው። ጓደኞቹ ጢም ያበቀሉ ናቸው፤ ለኳስ አይመርጡትም፣ ለወሬም አይሆናቸውም። የክፍል ኃላፊዋ መላ ዘየደች። ወደ እኩዮቹ መለሰችውና በሒሳብ ክፍለ ጊዜ ብቻ ወደ ላይኛው ክፍል እንዲወጣ አደረገች። የክፍለ ጊዜ ፕሮግራሙን ለማስማማት አንድ ሳምንት ፈጀብን፤ ሦስት መምህራንም አጉረመረሙ። ልጁ ግን ጠዋት ከትላልቆቹ ጋር አልጀብራ ሠርቶ፣ ከሰዓት ከእኩዮቹ ጋር አቧራ ለብሶ ወደ ቤቱ ይሄድ ጀመር። አእምሮ ቢሮጥ እግር በዕድሜው ይራመዳል። ስለዚህ «ክፍል ታዘልሉታላችሁ?» ከማለት «በሚበልጥበት ትምህርት ብቻ ወደ ላይ ልታወጡት ትችላላችሁ?» በሉ። «አሠራራችን አይፈቅድም» የሚላችሁ ቢያንስ እውነተኛ ነው፤ «ሁሉንም እናደርጋለን» የሚላችሁን ባለፈው ዓመት ለማን እንዳደረጉት ጠይቁት።

አንድ አባት ልጁን ሊያስመዘግብ መጣ። ልጁ ከአባቱ ወንበር ጀርባ ቆሟል፤ ታላቅ እኅቱ ደግሞ ትንሹን ወንድማቸውን አዝላ በር ላይ ተደግፋለች። አባትየው ስለ ልጁ ጉብዝና ሲያወራ እኔ ለልጁ አንዳንድ ጥያቄ አቀርባለሁ። ልጁ ለማሰብ ሲዘገይ በከንፈሯ መልሱን የምትነግረው እኅቱ መሆኗን አየሁ። «አንቺስ የት ትማሪያለሽ?» ብላት፣ ቤት ውስጥ ሥራ ስላለ ከስድስተኛ ማቋረጧን ነገረችኝ። ለአባትየው «ብሩህ ልጅ እንዳለህ አየሁ፤ ልታስመዘግበው ያመጣኸው ግን አይደለም» አልሁት። አልወደደውም፤ ግን ሁለቱም ተመዘገቡ። እቴጌ መነን የሴቶች ትምህርት ቤት የተከፈተው እ.ኤ.አ. በ1931 ነው፤ ከዚያ ወዲህ ይህን ያህል ዘመን አልፎም ወንዱን ወደ ግል፣ ሴቲቱን ደግሞ ቅርብ ወደሆነው የምትልኩ አላችሁ። ሴት ልጅ ይዛችሁ ስትሄዱ ደግሞ የወንዶች ልጆች ወላጆች የማይጠይቁትን ጠይቁ። መጸዳጃው በር አለው? በሩ ከውስጥ ይዘጋል? ውኃ በሳምንት ስንት ቀን ይመጣል? በየወሩ ጥቂት ቀን የምትቀር ልጅ የቱንም ያህል ቀለም ቢገባት ወደ ኋላ ትቀራለች፤ ጉዳዩም ያለው ከመጻሕፍት ቤቱ ይልቅ በመጸዳጃው በር ነው።

ተሰጥኦ ሁሉ በሒሳብና በሳይንስ ይወጣል ብላችሁ ደግሞ አትዝጉት። የአንኮበር ተወላጁ ሠዓሊ አፈወርቅ ተክሌ እ.ኤ.አ. በ1947 ወደ እንግሊዝ የተላኩት የማዕድን ምሕንድስና እንዲማሩ ነበር። አገሪቱ መሐንዲስ ትሻ ነበር፤ ጎበዝ ልጅም ወደዚያ ይላክ ነበር። እዚያ የነበሩ መምህራን ግን እጃቸው ወዴት እንደሚሄድ አዩና ወደ ሥዕሉ መሯቸው፤ ዛሬ በአፍሪካ አዳራሽ የምታዩት የመስታወት ሥዕል ከዚያ ውሳኔ የመጣ ነው። ከተማሪዎቼ አንዱ የፊዚክስ ደብተሩን ጠርዝ በሙሉ በፈረስና በበሬ ሞልቶት ነበር፤ የፊዚክስ መምህሩ ቀጥቶታል፣ የጂኦግራፊው ግን የካርታውን ሥራ ሁሉ ለእርሱ ሰጠው። ልጁ ዛሬ የሚኖረው በዚያ እጁ ነው። ለመምህራኑ «ያልፈለጋችሁትን ጉብዝና በመጨረሻ ያያችሁት መቼ ነው?» ብላችሁ ጠይቁ። ብዙዎቹ ይስቃሉ። ቆም ብሎ የሚያስታውስ ካገኛችሁ የልጁን ስም ይነግራችኋል።

ስለ ቋንቋው ነገር አላረዝምም። ሕፃኑ በእንግሊዝኛ ዘፈን ሲዘፍን ትደሰታላችሁ፤ ደስ ይላል። ነገር ግን የጎረቤቴ ልጅ በእንግሊዝኛ የሸመደደውን ሁሉ ሲያዥጎደጉድ ሰምቼ፣ ያንኑ ለአያትህ አስረዳቸው ብለው አንደበቱ ተያዘ። ለአያቱ ማስረዳት ያልቻለውን ለራሱም አልተረዳም። ስለ እንቅልፍም እንዲሁ ነው፤ ሰርቪስ ንጋት አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል የሚወስደው፣ ማታ ደግሞ አስጠኚ የሚጠብቀው ልጅ መቼ ያስባል? ቅርብ ያለ መካከለኛ ትምህርት ቤት ሩቅ ካለ ስመ ጥር ብዙ ጊዜ ይሻላል፤ ከመንገድ የተረፈችው ሰዓት የልጁ ናትና።

አዳሪ ትምህርት ቤት የምታስቡም አላችሁ። በመቀሌ ቃላሚኖ፣ በአዳማ የኦሮሚያ ልማት ማኅበር ልዩ አዳሪ፣ በሶዶ ሊቃ፣ የልማት ማኅበራት ያቋቋሟቸው ቤቶች የድሃውንና የገጠሩን ልጅ ሰብስበው ለትልቅ ቦታ አብቅተዋል፤ ዱሮም ጄኔራል ዊንጌት ከየአውራጃው እየመረጠ ያሳድር ነበር። ለገጠር ልጅ ከዚህ የተሻለ በር ላይኖር ይችላል። እንዴት መጠየቅ እንዳለባችሁ ግን ከአንዲት ገበሬ ተማሩ። ልጇ ለአዳሪ ቤት ተመርጦላት ስትሸኘው አብሬ ነበርሁ። ሌሎቹ ወላጆች ርእሰ መምህሩን ከብበው ስለ ኮምፒውተር ሲጠይቁ እርሷ መኝታ ቤቱን ለብቻዋ ዞረች፤ ብርድ ልብሱን አገላብጣ አሸተተች፣ ወጥ ሠሪዋን ዐርብ ምን እንደሚበሉ ጠየቀች፣ ከዚያም ዘበኛውን «ልጅ በሌሊት ቢታመም ማንን ትቀሰቅሳለህ?» አለችው። ዘበኛው ሳያመነታ ስም ጠርቶ፣ ቤቱንም በእጁ አመለከታት። የዚያን ጊዜ ልጇን ስማ ሄደች። ከፊርማዋ በቀር የምትጽፈው አልነበራትም፤ በዚያ ቀን ከተጠየቁት ጥያቄዎች ሁሉ ግን የእርሷ ይበልጡ ነበር።

ለማየት ስትሄዱ በነሐሴ አትሂዱ። በነሐሴ ትምህርት ቤት ሁሉ ቀለም የተቀባ ነው፤ በየካቲት፣ መምህሩም ተማሪውም ሲደክማቸው ሂዱ። ጥያቄያችሁንም ስትጨርሱ ጥቂት ዝም በሉና እነርሱ ምን እንደሚጠይቋችሁ አድምጡ። ስለ ልጁ አንድም ነገር ሳይጠይቅ ደረሰኝ የሚቆርጥላችሁ ቤት ልጁን ለማወቅ አላሰበም። የሥራ ባልደረባዬ የነበሩ አንዲት ርእሰ መምህርት የልጁን ሰርተፍኬቶች በፋይል ደርድሮ የመጣን አባት በትዕግሥት ከሰሙ በኋላ፣ ፋይሉን ሳይከፍቱ «ልጅህ ሲናደድ ምን ያደርጋል?» አሉት። አባትየው ተንተባተበ፤ ጠዋት ወጥቶ ማታ የሚገባ ነጋዴ ነው። «የሚያስደስተውስ ምንድን ነው?» ቢሉት «ትምህርት» አላቸው። ፋይሉን መለሱለትና «ይህን የሚያውቅ ሰው ይዘህ ና» አሉት። ተቆጥቶ ወጣ፤ በደጅ ሲያማርር ሁላችንም ሰምተነዋል። በማግስቱ ሚስቱን ይዞ መጣ። እርሷ ስታወራ እርሱ ከልጁ አጠገብ ተቀምጦ ያዳምጥ ነበር፤ ምዝገባውም የዚያን ዕለት አለቀ።